ዓይኔን ለዓይን ሐኪም፣ አፌን ለጥርስ ሐኪም

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት ስለዚህ የውሃ ጠርሙስ ልንገራችሁ። በየሁለት ደቂቃው ስጎነጭ አትታዘቡኝ፣ ፈርቼ አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ ፈርቻለሁ።) ምራቅ ስለሌለኝ ነው። የበሽታዬ ዋና ምልክት እሱ ነው፤ ይሄን ለማወቅ ደግሞ 4 ዓመት ፈጀብኝ። ዛሬ የማወራው ስለነዚያ 4 ዓመታት ነው፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲመታ የሚመጡ በሽታዎች ለምን ቶሎ እንደማይለዩ።

ሐኪም አይደለሁም። ብዙ ወረፋ የጠበቅኩ፣ ወረፋ ስጠብቅም ብዙ ያነበብኩ ታማሚ ነኝ። እንደዛው አድርጋችሁ ስሙኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል አይደል? እኔ አንድም ነገር አልደበቅኩም። ለሰማኝ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ዓይኔን አሸዋ የገባበት ይመስል ሲቆረቁረኝ ለዓይን ሐኪም ነገርኩ። ጥርሴ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ቦታ ሲበሳ ለጥርስ ሐኪም ነገርኩ። ድካሙን ለውስጥ ደዌ ሐኪም፣ የፀጉሬን መርገፍ ለቆዳ ሐኪም፣ የጣቶቼን ቁርጥማት ለአጥንት ሐኪም። ሁሉም ጋ ከፍዬ ነው የነገርኩት። ችግሩ ከፋፍዬም መንገሬ ነው። የዓይን ሐኪሙ ስለ አፌ አያውቅም፣ የጥርሱ ስለ ጣቶቼ አያውቅም፣ እያንዳንዳቸው እጅ ላይ ያለው ቁራጭ ደግሞ ብቻውን ሲታይ ተራ ነገር ነው። ዓይኑ ለደረቀ ጠብታ ይታዘዛል፣ የተበሳ ጥርስ ይሞላል፣ ለደከመው ቫይታሚን ይሰጠዋል። በየክፍላቸው ማንም አልተሳሳተም። እኔ ግን እየባሰብኝ ሄድኩ።

ኦቶኢሚዩን የሚባሉት በሽታዎች ከ80 በላይ ናቸው። ነገሩ ሲጀመር አንድ ነው፤ ዘበኛው የቤቱን ባለቤት ሌባ ብሎ ይይዘዋል። የሰውነት መከላከያ ተህዋሲያንን ማባረር ሲገባው የራሱን መገጣጠሚያ፣ ቆዳ፣ ኩላሊት ወይም ዕጢ ይመታል። ታዲያ የሚመታው የተለያየ ከሆነ ስሜቱ ለምን ይመሳሰላል? ጉንፋን ሲይዛችሁ የሚሰማችሁን አስቡት። ቫይረሱ ያለው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ነው፣ የሚቆረጣጥማችሁ ግን መላ አካላታችሁ ነው። መከላከያው ሲነሳ በደም ውስጥ የሚለቃቸው ኬሚካሎች አሉ፤ ድካሙን፣ ትኩሳቱን፣ ቁርጥማቱን፣ የጭንቅላት መደነዙን በአብዛኛው የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ውጊያው ኩላሊት ላይም ሆነ ታይሮይድ ላይ መልእክተኞቹ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ «ይደክመኛል፣ ያመኛል» ማለት እውነት ቢሆንም ለሐኪሙ አቅጣጫ አይሰጠውም። አቅጣጫ የሚሰጡት ትንንሾቹ፣ ለመናገር የሚያሳፍሩት፣ «ይሄማ ምን አገናኘው» ብለን የምንተዋቸው ናቸው።

ወደ እኔ ልመለስ። መጀመሪያ የተገኘብኝ የደም ማነስ ነው። የብረት ኪኒን ዋጥኩ፣ ደሜ ተስተካከለ፣ ድካሙ እዚያው። ቀጥሎ ታይሮይድ ታየ። ቲኤስኤች የሚባለው፣ ታይሮይዱን የሚያዘው ሆርሞን፣ ከፍ ብሏል፤ አንቲቦዲውም (መከላከያው የሚያመርተው መሣሪያ) አለ፣ ሃሺሞቶ ነው ተባልኩ። ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 ይሄን በሽታ የገለጸው ጃፓናዊ ቀዶ ሐኪም ስም ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን በደስታ ነው ቤቴ የገባሁት። ስም አገኘሁ! ያመኛል ስል የሚያሾፉብኝን ሁሉ አፍ የሚያስይዝ ስም። ኪኒኑን በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ ወራት ጠበቅኩ። ቲኤስኤች ልክ ገባ። እኔ ግን ልክ አልገባሁም።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። አንዴ ስም ከተሰጠ በኋላ የሚመጣው ስሜት ሁሉ እዚያ ስም ላይ ይለጠፋል። ደከመኝ? ታይሮይዱ ነው። ፀጉሬ ረገፈ? ታይሮይዱ ነው። አፌ ደረቀ? እሱም ታይሮይዱ ይሆናል። ሐኪሞቹ ብቻ አይደሉም፣ እኔ ራሴ እለጥፍ ነበር። እነዚህ በሽታዎች ግን ጓደኛ ይወዳሉ። አንዱ ያለበት ሰው ሁለተኛው የመምጣቱ ዕድል ከሌላው ሰው ይልቅ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ቁጥሩን አስተካክሎ እናንተን ካላስተካከለ፣ «ይሄ ስም ያልሸፈነው ምን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ «እንግዲህ በሽታዬ ይሄው ነው» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም።

በመሃል ጭንቀት ነው የተባልኩበት ዘመን አለ። ብዙዎቻችሁ ስትስቁ አየሁ። አልክድም፣ ተጨንቄ ነበር። ዓመታት ታሞ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ካልተጨነቀ ነው የሚገርመው። ለእንቅልፍና ለህመሙ አሚትሪፕቲሊን ታዘዘልኝ። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። አንድ የታወቀ ጠባይ ግን አለው፣ አፍ ያደርቃል። ድሮም ምራቅ ለሌለው ሰው! ማታ ማታ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ እየነቃሁ በጣቴ አላቅቀው ነበር። ከዚያ በኋላ የአፌን ነገር ባነሳሁ ቁጥር መልሱ «መድኃኒቱ ነው» ሆነ። ድርቀቱ ከመድኃኒቱ በፊት እንደነበረ የሚያሳይ አንድም የተጻፈ ነገር አልነበረኝም። ቀኑን ማን ያስታውሳል? ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ኤኤንኤ የሚባለው ምርመራ መጣ። ፖዘቲቭ። ውጤቱን የተቀበልኩት ዓርብ ማታ ነው፣ ሐኪሜን የማገኘው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከዚህ የባሰ የቀን አቆጣጠር የለም። ስልኬን ይዤ እስኪነጋ አነበብኩ። ጠዋት ላይ ሉፐስ (ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትንም የሚመታው ኦቶኢሚዩን በሽታ) እንዳለብኝ እርግጠኛ ነበርኩ፣ ለእህቴም ደውዬ አልቅሼ ነገርኳት።

ያኔ የሚነግረኝ ያጣሁትን እናንተ እወቁት። ኤኤንኤ የሚለካው የሴላችንን አስኳል የሚነካ አንቲቦዲ ደም ውስጥ መኖሩን ነው። ሴረሙን፣ ማለትም የደሙን ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ እያቀጠኑ ያዩታል፤ 1 ለ40፣ 1 ለ80፣ 1 ለ160 እያለ ይቀጥላል። የበለጠ ቀጥኖም ከታየ አንቲቦዲው ብዙ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ በተለያዩ አገሮች ያሉ ላብራቶሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ምንም በሽታ የሌለባቸውን ሰዎች መርምሮ ነበር። በ1 ለ40 ወደ 32 ከመቶ የሚሆኑት ፖዘቲቭ ወጡ። በ1 ለ80 ወደ 13 ከመቶ፣ በ1 ለ160 ደግሞ 5 ከመቶ። ጤነኛ ሰዎች ናቸው እንግዲህ! «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ብቻውን እንቅልፍ ሊነሳችሁ አይገባም። አጠገቡ የተጻፈውን ቁጥር እዩ፣ ከቁጥሩም በላይ ሰውነታችሁ ላይ የሚታየውን እዩ።

ሉፐስን በተመለከተ የአውሮፓና የአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የመሰል በሽታዎች ሕክምና) ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት የነጥብ መስፈርት አለ። የተሠራው ለጥናት ነው፣ ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ ለመፍረድ አይደለም፤ ግን አስተሳሰቡን ወድጄዋለሁ። ኤኤንኤ ቢያንስ 1 ለ80 ሆኖ መገኘቱ መግቢያ በር ብቻ ነው። ከዚያ ነጥብ ይቆጠራል፤ ትኩሳት 2፣ የፀጉር መርገፍ 2፣ የመገጣጠሚያ መቆጣት 6፣ እያለ ይሄድና 10 ሲሞላ ሉፐስ ተብሎ ይመደባል። ሁለት ሕጎች አሉት፣ ሁለቱም እኔን በቀጥታ የሚመለከቱ። አንደኛው፣ ምልክቱን ከሉፐስ የተሻለ የሚያስረዳ ሌላ ነገር ካለ አይቆጠርም። የእኔን ፀጉር ታይሮይዱ ያስረዳዋል፣ ስለዚህ 2 ነጥቤ ወደቀች። ሁለተኛው ደግሞ ምልክቶቹ የግድ አንድ ላይ መምጣት አይጠበቅባቸውም፣ አንዴ ታይቶ የጠፋም ይቆጠራል። ያ ማለት ከሦስት ዓመት በፊት መጥቶ የሄደው ሽፍታችሁ ዛሬ ዋጋ አለው፣ ማስረጃ ካለ። ስለዚህ ፎቶ አንሱ። እነዚህ በሽታዎች ያዝ ለቀቅ ነው የሚያደርጉት። የቀጠሮ ቀን ሲደርስ ደግሞ ቆዳችሁ እንደ ሕፃን ለስልሶ ይጠብቃችኋል። ጣታችሁ በብርድ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሲሆን አንሱት። ያበጠ መገጣጠሚያ አንሱ፣ ያላበጠውንም ለማነጻጸሪያ አጠገቡ አድርጉት።

ሩማቶይድ ፋክተር የሚባል ሌላ የአንቲቦዲ ምርመራም ተሠራልኝ፣ እሱም ፖዘቲቭ። ከሉፐስ መገጣጠሚያን ወደሚመታው ሩማቶይድ አርትራይተስ ተዛወርኩ፣ በራሴ ውሳኔ። ይሄም ስሙ ያሳስታል። ሩማቶይድ ፋክተር በሄፓታይተስ ሲ ሊወጣ ይችላል፣ በልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ሊወጣ ይችላል፣ ዕድሜ ሲገፋም ዝም ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ አሁን እኔ ጋ ባለው በሽታ ደግሞ በብዛት ይወጣል። የተገላቢጦሹም አለ። ሲአርፒ የሚባለው የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ መለኪያ ልክ ስለሆነ «ደምሽ ንጹህ ነው» ተብዬ የተመለስኩበት ቀን አለ። ሉፐስም ሆነ የእኔ በሽታ እየነደደ ሲአርፒ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደዚያች ቀን። በመጨረሻ የላኩኝ ወደ አንዲት የሩማቶሎጂ ሐኪም ነው። ስገባ የውጤት ወረቀቶቼን በሙሉ፣ በእጄ ይህን ያህል ውፍረት ያለው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አልነኩትም። «ወረቀቱን ቆይተን እናየዋለን። ጠዋት ስትነሺ ምን ይሆናል?» አሉኝ። ጣቶቼ ይደርቃሉ አልኩ። «ስንት ደቂቃ?» አላውቅም። «የሸሚዝሽን ቁልፍ መቼ ነው መቆለፍ የምትችይው?» ዝም አልኩ። ቁልፍ ያለው ልብስ መልበስ ከተውኩ ዓመት ሆኖኝ ነበር፣ መተዌንም ያኔ ነው የተረዳሁት። ያጠለቅኩት ሹራብ ነው፣ ጫማዬም ክር የለውም። ኋላ እንደነገሩኝ፣ የመገጣጠሚያ መበላት ያለበት ሰው ጥቂት ደቂቃ ሲንቀሳቀስ ይፍታታል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ይልቁንም ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ብግነት ይጠረጠራል።

ቀጠሉ። «ደረቅ ብስኩት ያለ ውሃ ትውጫለሽ?» ኧረ በፍጹም። «ሌሊት ውሃ ለመጠጣት ትነሺያለሽ?» አዎ። «ዓይንሽስ? ስታለቅሺ እንባ ይወጣል?» ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለእህቴ ደውዬ ያለቀስኩባትን ሌሊት አሰብኩ። ተንሰቅስቄ ነበር፣ ጉንጬ ግን ደረቅ ነበር።

ከዚያ ከመሳቢያቸው ቀጫጭን የወረቀት ቁራጮች አወጡ። ጫፉን አጠፍ አድርገው ከታችኛው የዓይኔ ቆብ ውስጥ ሰኩልኝ፣ በሁለቱም ዓይን፣ ከዚያ ጨፍኚ አሉኝና ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ። እንባው ወረቀቱን እያረጠበ ሲወርድ በሚሊሜትር ይለካል፣ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ድርቀት ነው። የእኔ በአንዱ 3፣ በሌላኛው 2 ሆነ። ከ4 ዓመት በኋላ ነገሩን የጠቆመው ክብሪት የምታክል ወረቀት ናት። በእሷ ብቻ ግን አላለቀም። አንቲ ሮ የሚባለው አንቲቦዲ ታየ፣ ከታችኛው ከንፈሬ ውስጥም ከትንንሾቹ የምራቅ ዕጢዎች ናሙና ተወሰደ። ሾግረን ነው፤ መከላከያው የእንባና የምራቅ ዕጢዎችን የሚመታበት በሽታ። ሃሺሞቶውም አለ፣ እሱም ውሸት አልነበረም። ሁለቱም አብረው ነበሩ።

ስለ ሾግረን አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል። ሄንሪክ ሾግረን ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ባቀረበው የማዕረግ ጽሑፉ ዓይናቸው የደረቀባቸውን 19 ሴቶች ጉዳይ ዘርዝሯል። ከነዚህ 13ቱ የመገጣጠሚያ ህመም ነበረባቸው። አስቡት፣ የዓይን ሐኪም ሆኖ ስለ ጉልበታቸው ጠየቀ። እኔ ያጣሁት እንደዛ ያለ ጥያቄ ነው።

እሺ፣ ሩማቶሎጂ ሐኪም ጋ ስትሄዱ፣ ወይም ገና ጠቅላላ ሐኪም ጋ ስትሆኑ፣ ምን ትይዛላችሁ? አንድ ገጽ። ሁለት አይደለም። የእኔ እንዲህ ነበር የተጻፈው፤ የትኛው ምልክት መጀመሪያ መጣ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ተከተለ፣ የትኛው መድኃኒት መቼ ተጀመረ። የአፌ ድርቀት ከአሚትሪፕቲሊኑ በፊት መሆኑን ያረጋገጥነው በዚህ መንገድ ነው። ቀኑን ያገኘሁት ከማስታወሻ አልነበረም፣ የጥርስ ሐኪሙ ካርድ ላይ «አፍ ደርቋል» ተብሎ ተጽፎ ነው። ታች ላይ ደግሞ ድሮ የምችለው አሁን የማልችለው፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት፣ ሳያርፉ ደረጃ መውጣት። በቤተሰብ ውስጥ ታይሮይድ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ወይም ለምጽ ያለበት ካለ እሱም ይግባ። በላዩ ላይ የበሽታ ስም አትጻፉ። እኔ በትልቁ «ሉፐስ?» ብዬ ጽፌ የሄድኩበት ቀን ቀጠሮው በሙሉ ስለ ሉፐስ ክርክር ሆኖ አለቀ።

ምርመራ የሚያበላሹ ነገሮችም አሉ፣ በቅንነት የምናደርጋቸው። ዋናው ስቴሮይድ ነው። አንድ የታመመ ዘመድ «ፕሬድኒሶሎን ውሰጂ፣ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው» ይላል፣ ትወስዳላችሁ፣ በሁለት ቀን ትነሳላችሁ። ስቴሮይድ ብዙ ዓይነት ብግነትን ስለሚያበርድ መሻላችሁ ስለ በሽታው የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው፤ ማስረጃውን ግን ይዞት ይሄዳል፣ የሳንባ ነቀርሳ የመሰለ የተደበቀ ኢንፌክሽን ካለም ያባብሰዋል። እየወሰዳችሁ ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙ፣ ለሐኪሙ ንገሩት። ሌላው ባዮቲን ነው፣ ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው። መጠኑ ሲበዛ የታይሮይድ ምርመራን ያዛባል፣ ታይሮይዱ ከመጠን በላይ የሚሠራ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። እኔ ለረገፈው ፀጉሬ ብዬ እውጠው ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም መድኃኒት ነው ብዬ አልቆጠርኩትም። ስንዴ የተዉም አሉ። ሴሊያክ (ስንዴ የሚቀሰቅሰው የአንጀት በሽታ) ይሆን ብላችሁ ከምርመራው በፊት ስንዴና ገብስ ካቆማችሁ ደሙ «የለም» ሊላችሁ ይችላል። መጀመሪያ መመርመር፣ ከዚያ መተው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኦቶኢሚዩን የሚመስል ሁሉ ኦቶኢሚዩን አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ የመገጣጠሚያ ህመምም የአፍ ድርቀትም ያመጣል። ኤችአይቪ፣ ቲቢ፣ አንዳንድ ካንሰሮችም እንደዛው ያስመስላሉ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድራላዚንና ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ራሳቸው ሉፐስ መሰል ህመም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ሐኪማችሁ እነዚህን ልመርምር ሲል «እኔን ጠረጠረኝ» ብላችሁ አትቀየሙ። መንገዱን እያጸዳ ነው።

አሁን ስም ያላገኛችሁት። እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ያልተለየ የተያያዥ ህዋስ በሽታ» የሚባል ነገር አለ፣ ስሙ ራሱ ሐኪሞች ትከሻቸውን የሰበቁበት ይመስላል። አንቲቦዲው አለ፣ ምልክቱ አለ፣ ግን የአንዱንም መስፈርት አይሞላም። ብዙዎቹ እንዲሁ ለስለስ ብሎ ይቆይላቸዋል፤ ወደ አንዱ የሚለይላቸው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ውስጥ ነው። ድብልቅ የሚባልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የሉፐስ፣ የስክሌሮደርማ (ቆዳ የሚያጠጥር በሽታ) እና የጡንቻ ብግነት ምልክቶች በአንድ ሰው ላይ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ይዘው ሲታዩ ራሱን የቻለ ስም ተሰጠው። የተደራረበው ነገር ራሱ በሽታ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው።

ስለዚህ ሐኪሙን «ስሙ ምንድነው?» ብላችሁ መልስ ካጣችሁ ሌላ ጠይቁ። «አሁን የሚጎዳ አካል አለ ወይ? በምን እናውቃለን? መቼ ደግመን እናያለን?» ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚወሰነው በዚህ ነው። ኩላሊት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲያፈስ በቀላል የሽንት ምርመራ ይታያል። ደም ግፊትም ይለካ። እነዚህ ሁለቱ ሳይታዩ «ምንም የለብሽም» ተብሎ መሸኘት የለም፣ ስም ኖረም አልኖረም።

ስሙ የግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፣ ያንን አላቃልልም። የዓይን ነርቭና የጀርባ አጥንት ሰረሰርን የሚያቆጣው ኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካ አንጎልንና ሰረሰርን ከሚመታው ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር ለብዙ ዘመን ይምታታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 መለያ አንቲቦዲው ተገኘ። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጥ እንደ ኢንተርፌሮን ቤታ ያለ መድኃኒት ኒውሮማይላይቲሱን ሊያባብሰው ስለሚችል፣ እዚያ ላይ ስም መሳሳት ዓይን ሊያሳጣ ይችላል። እኔ ጋ ያለው አንቲ ሮም እንዲሁ ነው፤ ያለባት ሴት ስታረግዝ የፅንሱ የልብ ምት ክትትል ይፈልጋል፣ ስለዚህ ካሰበች አስቀድማ መናገር አለባት።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውን በአጭሩ። ደረት የሚወጋ ህመም ወይም ትንፋሽ ማጠር፣ ድንገት ዓይን መጋረድ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ እጅን ወደ ላይ ማንሳት እስኪያቅት የጡንቻ መድከም፣ እግር እያበጠ አረፋ የበዛበት ወይም የጠቆረ ሽንት። እነዚህ ሲመጡ አንድ ገጹንም ትታችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የእኔ ፋይል ላይ እስካሁን አንድ የጥያቄ ምልክት አለ። የጣቶቼ ቁርጥማት ከሾግረኑ ነው ወይስ ሩማቶይድም እየመጣ ነው? ሐኪሟ በእርሳስ ነው የጻፉት። በየስድስት ወሩ እጄን ይዘው አንጓዎቼን አንድ በአንድ ይጫኑና በእርሳስ የጻፉትን ሳይነኩ ፋይሉን ይመልሱታል። ባለፈው ቀጠሮ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ለብሼ ሄጄ ነበር። ዘጠኝ ቁልፍ፣ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። እሳቸውም ጻፉት።

ይቅርታ፣ ውሃዬን ላንሳ፣ አፌ ተጣበቀ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።